ግማሽ ጆይስቲክ

ለደንበኞቿ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ለባሏ ዘመዶች ሳይቀር ስሟ መርፌ ነው። ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የስምንት ዓመት ቀጫጫ ልጅ ሳለች ትልልቅ ሰዎች በሚያወሩበት መሃል ሹልክ ብላ ትገባና አንድ ነገር ወግታ ትወጣ ነበር። "ይቺ መርፌ!" አላት፤ በዚያው ጸደቀ። አድጋ ልብስ ሰፊ ስትሆንማ ወንድሟ "ትንቢት ነው የተናገርኩት" እያለ ስንት ዓመት ተኩራራባት። አሁን አርባ ዓመቷ ነው። የራሷ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪናዎችና አንድ የሒሳብ መምህር ባል አላት፤ ቀጫጫነቷ ብቻ የድሮ ወሬ ሆኗል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስት መኝታ ቤታቸውን ቀለም ሊቀቡ ተነሡ። መምህሩ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የተከመረውን ኮተት ሲያወርድ በገመድ የታሰረ ካርቶን አገኘ።

"ይሄ ምንድነው? ይጣል?" አለ።

መርፌ ዞር ብላ አየች። ብሩሿን ወለሉ ላይ በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ጣለችው።

"ንካውና እንተያያለን!"

ካርቶኑ ውስጥ የልጅነቷ የጌም ማጫወቻ ነበር። ጥቁር ነው፤ ሲያነሡት ድንጋይ ነው። አብረውት አንድ ጆይስቲክ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሚሞሪ ካርድና አንድ ዲስክ ተቀምጠዋል። ዲስኩ ላይ ሽበታም ሳሙራይ ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። የጌሙ ጽሑፍ በሙሉ በማያውቁት ፊደል ስለነበር እሷና ወንድሟ የሳሙራዩን ስም አንብበው አያውቁም፤ አያ ጎራዴ ብለው ራሳቸው ክርስትና አንሥተውት ነበር። መርፌ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየችውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘች ሆና ዲስኩን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለው ጀመር። ቀለም መቀባቱ በዚያው ቀረ፤ ለእሷ ማለቴ ነው እንጂ መምህሩስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቀጥሏል።

እዚህ ላይ ስለ እናትየው አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ሴትዮዋ የማካፈል አባዜ ነበረባት። ዳቦ ስትቆርጥ በጨርቅ መለኪያ ሜትር ነው፤ ብርድ ልብሱ መሃል ላይ በቀይ ክር ድንበር ተሰፍቶበታል። ጌሙ ቤት በገባ በሳምንቱ አንደኛው ጆይስቲክ ላይ እንግዳ ተቀመጠበትና ተሰበረ። በቀረው በአንዱ ወንድምና እህት በጥርስ በጥፍር ተፋጁ። እናትየው የጨርቅ መቀሷን ይዛ መጣች፤ ገመዱን በሁለቱ ስለቶች መሃል አስገባችና "ትካፈሉታላችሁ ወይስ እኔ ላካፍላችሁ?" አለች። ሴትዮዋ እንደማትቀልድ ስለሚያውቁ እዚያው ተካፈሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ግራውን እጀታ፣ ሌላው ቀኙን ይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መጫወት ሆነ። ግራው አያ ጎራዴን ያራምዳል፤ ቀኙ ሰይፉን ይመዛል። እንዲህ እያደረጉ ሁለት ዓመት ተጫወቱ። የመጨረሻው በር ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ሹፌርነት ሊማር ከቤት ወጣ፤ ጌሙም ሳያልቅ ካርቶን ውስጥ ገባ።

ማን የትኛውን ግማሽ እንደያዘ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያውቃል። ወንድምየው በየድግሱ ሲያወራው ኖሯል። "እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ታራምድልኛለች" ይላል። እሷም "አዎ፣ እግሩ እኔ ነበርኩ" ትላለች፤ ሰው ይስቃል። አምና በእናታቸው ተዝካር ላይ እንኳ ይህንኑ አውርተውታል።

ማጫወቻው ሠራ። የመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ አቧራ የጠጡትን ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳዎች ፈልጋ ገመዶቹን ስትሰካ ያ የድሮ ከበሮ ድም! ድም! አለ፤ መርፌ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጭጋጉ መጣ። ሰው ያለቀበት መንደር፣ ጭቃ የሞላው እርሻ፣ አፍ ያላቸው ፋኖሶች፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ደግሞ ሲያዩት እንዴት ያስቃል! የአያ ጎራዴ ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል። እጅጌው ከትከሻው ጋር አልገጠመም፤ ሲዞር በመሃል ቀዳዳ ይታያል።

"ማን ነው ይሄን የሰፋው!" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ግን ሰይፉ ከሰገባው ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ያው ነው። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

በጌሙ መጀመሪያ ላይ ከእርሻው ጭቃ የሞቱ ወታደሮች ይነሣሉ። መርፌ እንዴት እንደምታልፋቸው ለባሏ ልታሳየው ጠራችውና አያ ጎራዴን አስነሣችው። አያ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እንደገና አስነሣችው፤ ግንቡን እየገፋ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ ጀርባውን ለጠላቶቹ ሰጥቶ ተመልሶ እዚያው ጉድጓድ ገባ።

"ጎበዝ ነሽ፤ ጉድጓዱን በደንብ አገኘሽው" አለ መምህሩ፣ ከመሰላሉ ላይ።

በአራተኛው ሦስት ሙታን ከበቧት። ያኔ የቀኝ እጇ አውራ ጣት ሳታዝዘው ሠራ፦ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም፣ አንዴ ደግሞ ከላይ ወደ ታች። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደቁ። መርፌ ጮኸች። መምህሩ ብሩሹ ከእጁ አምልጦ ትከሻውን ነጭ አደረገው።

"ማን ሞተ?"

"ሦስት!"

ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጆቿን ትክ ብሎ አየ፤ ይህ ሰው የተማሪ ወረቀት ላይ ስሕተት ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

"አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አራማጇ አንቺ ከነበርሽ ግራ እጅሽ ለምንድነው ዛሬ ሥራ የጀመረ የሚመስለው? ቀኝሽ ግን ሁሉንም ያውቃል።"

መርፌ አውራ ጣቷን አየችው። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም፣ ከላይ ወደ ታች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሷ ያገኘችው ነው። ግድግዳው በስተቀኟ እንደነበር፣ ክርኗ እየተጋጨ ይቆስል እንደነበር ትዝ አላት። በስተቀኝ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ሰይፉን የያዘችው እሷ ነበረች!

"ያ ውሸታም!" አለች፤ ፊቷ ግን በደስታ በርቶ ነበር።

ወዲያው ሚሞሪ ካርዱን ከፈተች። የመጨረሻው በር እንደተቀመጠ አለ። ከበሩ ኋላ ያለችውን ጭራቅ እማማ ፀጉሬ ይሏት ነበር። አዳራሹን ሙሉ በጥቁር ፀጉሯ ትሞላዋለች፤ ፀጉሩ እንደ እጅ እየተዘረጋ ይይዛል፤ ቢቆርጡት መልሶ ያድጋል። መርፌ ብቻዋን አሥራ አንድ ጊዜ ገባች፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሞተች፤ ሁለቴ እንዲያውም ከደረጃው ወድቃ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ጆይስቲኩን አስቀመጠችና ተነሥታ ቆመች። ይህን ነገር ዛሬ መጨረስ አለባት፤ ለመጨረስ ደግሞ ያ ውሸታም ያስፈልጋታል።

ችግሩ ወንድሟ ሰው ማየት ካቆመ ሰባት ወሩ ነው። ለሃያ ሦስት ዓመት የአውቶብስ ሹፌር ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማንሻው ክሪክ ተንሸራቶ ቀኝ እጁን እስከጎዳው ቀን ድረስ። እጁ ተረፈ፤ ሦስት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ከሆስፒታል እንደወጣ ኮቱን ለመርፌ ላከባት፤ የቀኝ ኪሱን እጁ ከነማሰሪያው እንዲገባበት አድርጋ እንድታሰፋው። እጁን ከሰው ዓይን ሊደብቅ እንደሆነ ገባት። ግማሽ ቀን ሙሉ እያለቀሰች አሰፋችው። ማሰሪያው ከተፈታ በኋላም ኮቱ ከላዩ አልወረደም። መሥሪያ ቤቱ የስምሪት ክፍል ኃላፊነት ሰጥቶት ነበር፤ አውቶብሶቹን የሚያሰማራው፣ የትኛው በየት በኩል ይሂድ የሚለው እሱ ይሆናል። "ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው አውቶብስ ልቆጥር?" ብሎ ወረቀቱን ገፋው። እስከ መጪው ሰኞ መልስ ካልሰጠ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። መርፌ ስንት ጊዜ እየሄደች "አይዞህ ጋሼ" ብላዋለች፤ በአይዞህ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ዛሬ ግን አይዞህ ልትል አይደለም የምትሄደው። ማጫወቻውን በጨርቅ መያዣ ቦርሳዋ አስገብታ፣ ቀለም እንደነካት፣ ሁለት መንገድ አቋርጣ እስከ ወንድሟ ቤት ድረስ በሩጫ ሄደች ማለት ይቻላል።

በሩን የከፈተችው የወንድሟ ሚስት ናት።

"ሰኞ ደረሰ እኮ፤ ቃል አይወጣውም። ምን ላድርገው?" አለቻት በሹክሹክታ።

"ለኔ ተዪልኝ። ልጣላው ነው የመጣሁት።"

ወንድሟ መስኮቱ አጠገብ፣ ቤት ውስጥ ኮት ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀምጧል። መርፌ ሰላምታም አላቀረበችም።

"ጋሼ፣ አንተ ውሸታም ነህ!"

ሰውዬው ቀስ ብሎ ዞረ። በሰባት ወር ውስጥ እንዲህ ያናገረው ሰው አልነበረም።

"ምን አልሽ?"

"ሰይፉ የኔ ነበር። አያ ጎራዴን አራማጁ አንተ ነበርክ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየድግሱ ስሜን ስታጠፋ ኖረሃል!"

"የማን ሰይፍ?" ከወንበሩ ብድግ አለ። "ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል እኮ!"

"ቤተሰቡ የሰማው ካንተው አፍ ነው። እኔም ካንተ ሰምቼ ነው ያመንኩት፤ ሞኝ ስለሆንኩ!"

"አንቺ ሰይፍ ልትይዪ? ጥላሽን የምትፈሪ!"

"እናያለን!"

ስትናገር ገመዶቹን እየሰካች ነበር። ከበሮው ድም! ድም! ሲል ወንድምየው ሊመልስላት የነበረውን ረሳው። ጭጋጉ ሲመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ስክሪኑ ቀረበ። ያ ሽበታም ሽማግሌ ከነተቀደደ ትከሻው ብቅ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ከጉሮሮው ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አይለይም።

"አያ ጎራዴ! አላረጀም እኮ!"

"እኛ ነን ያረጀነው። ተቀመጥ።"

ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሳያስብ፣ በግራ በኩል፣ ለእሷ የቀኙን ቦታ ለቆ። መርፌ ጆይስቲኩን ዘረጋችለት። ግራ እጁ መጥታ ግራውን እጀታ ያዘች፤ አውራ ጣቱም ገና በነካው ቅጽበት አያ ጎራዴን ቀጥ አድርጎ፣ ግንቡን ሳይነካ፣ ጉድጓዱን ዞሮ ወሰደው። ሁለቱም ያዩትን አይተዋል።

"አሁን ማን ነው ውሸታሙ?" አለች።

"ዝም ብለሽ ቁረጪ" አለ ወንድሟ።

ሄዱ! ፋኖሶቹ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ ሲመጡ እሱ አያ ጎራዴን ያዞረዋል፣ እሷ ትጥላቸዋለች። የተቆረጠ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ የሚዞረው መነኩሴ ከኋላ ሲመጣ "ጀርባህን!" ብላ ሳትጨርስ ዞሯል። የመርፌ ልብ እንደ ስፌት መኪናዋ ይርገበገባል። አርባ ዓመት የሚባል ነገር የለም፣ ሱቅ የለም፣ ሰኞ የለም። ትከሻው ትከሻዋን ሲገፋት እንደ ድሮው መልሳ ትገፋዋለች። ሚስትየው የወጥ ማንኪያ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቀረች።

የመጨረሻው በር ተከፈተ። እማማ ፀጉሬ አዳራሹን ሞልታ ጠበቀቻቸው። አያ ጎራዴ ገባ፣ ፀጉሩ ተዘረጋ፣ መርፌ ቆረጠች፣ ፀጉሩ መልሶ አደገ፣ ሞቱ። ደገሙት፤ ሞቱ። በስድስተኛው ላይ መርፌ የሆነ ነገር ታያት። እሷ በምትመታበት ቅጽበት አያ ጎራዴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሰይፉ የሚያገኘው የፀጉሩን ጫፍ ጫፍ ብቻ ነው፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። ልጆች ሳሉም እንዲሁ ነበር፤ ወንድሟ "ሰይፉ አጭር ነው" ይል ነበር፤ እሷም ታምን ነበር።

"ጋሼ፣ ለምንድነው ወደ ኋላ የምትሄደው?"

"ስልት ነው።"

"የምን ስልት? ሃያ ስድስት ዓመት ያላሸነፈ ስልት!"

ወንድሟ ጣቱን ከእጀታው አነሣ። አያ ጎራዴ በሩ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ሰው ካልነካው ዝም ብሎ ይተነፍሳል።

"እፈራት ነበር" አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። "ያ ፀጉር ሲመጣ ጣቴ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንቺ ትንሿ እየሳቅሽ ትቆርጫለሽ፤ እኔ ታላቁ እሸሻለሁ። ለማን ልናገር? ሰይፉ የኔ ነበር ብዬ አወራሁ። እያወራሁት እኔም አመንኩት መሰለኝ።"

መርፌ ልትስቅበት ትችል ነበር፤ ለዚህ ቀን የተዘጋጀ ሳቅም ነበራት። ግን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

"እኔም እኮ እፈራት ነበር" አለችው። "እግር ስላልነበረኝ ነው ያልሸሸሁት። አንተ ወደ ወሰድከኝ ነበር የምሄደው። አሁንም ያው ነኝ። አንዴ ወደፊት ውሰደኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ጣጣ ነው።"

"ብንሞትስ?"

"ዛሬ ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።"

ሳቀ፤ በሰባት ወሩ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ሚስትየው ማንኪያውን ደረቷ ላይ አስደገፈች።

ገቡ። ፀጉሩ ተነሣ፤ መጣ። የወንድሟ ጣት ግን ወደ ኋላ አልሄደም። አያ ጎራዴ ወደፊት አለ። ፀጉሩ ትከሻውን ያዘው፤ አሁንም ወደፊት። "ገና! ገና!" አለች መርፌ። ጆይስቲኩ ከላባቸው የተነሣ ሊያመልጣቸው ሲል ከታች አንድ እጅ መጥቶ ደገፈው፤ ሦስት ጣቶቹ የማይታጠፉት የወንድሟ ቀኝ እጅ ነው። መርፌ አየችው፤ ጊዜ ግን አልነበራትም። እማማ ፀጉሬ ነጭ ፊቷን ስክሪኑ ሙሉ አቀረበች።

"አሁን!" ብሎ ጮኸ ወንድሟ።

ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም፣ ከላይ ወደ ታች።

ፀጉሩ ከሥሩ ተቆረጠ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ጥቁር ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ፤ መስኮት እንደነበረ የታየው ያኔ ነው፤ ብርሃን ገባ። ሁለቱ የሚያሰሙት ጩኸት የታች ቤቱን ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንዲደበድብ አደረገው። መርፌ ሶፋው ላይ ቆማ ትዘላለች፤ ወንድሟ "ሥሯን! ሥሯን አገኘናት!" ይላል፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ሁለቱንም። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ያ ባዶ መንደር ሰው ይገባበት ጀመር። አሮጊቶች፣ ልጆች፣ አንድ ውሻ። እንዲህ ያለ መጨረሻ እንደነበረው ሁለቱም አያውቁም ነበር።

"እሺ፣ ማን ነው የገደላት?" አለች ሚስትየው፤ ክርክራቸውን ሰምታለችና።

ወንድሟ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ።

"እሷ ናት። እኔ አስጠጋኋት።"

መርፌ ደስታዋ ከመብዛቱ የተነሣ ገመዶቹን መንቀል ጀመረች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ መርፌ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ላይ በጠመኔ እያሰመረች ሳለ የወንድሟ ሚስት ወደ ሱቁ ገባች። ክንዷ ላይ ያን ኮት አንጠልጥላዋለች። መርፌ ኮቱን ስታይ እጇ ቆመ።

"እሱስ?"

"ስምሪት ክፍል ነው። ጠዋት በሸሚዝ ብቻ ወጣ፤ ብርድ ነው ብለው አልሰማ አለኝ።" ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ኪሱን ወደ ድሮው መልሺልኝ ብሏል።"

መርፌ የደንበኛዋን ቀሚስ ወደ ጎን አደረገች። ኮቱን ገልብጣ የጨመረችበትን ጨርቅ ስፌት ፈለገችና መተርተር ጀመረች። ለማስፋት ግማሽ ቀን የፈጀባትን ኪስ ለማጥበብ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።